ከማሽኑ በፊት ምን ይቅደም?
በቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡና ለሚረዷቸው

ገንዘቡ ተሰብስቦ፣ ሥራ የሚማሩት ወጣቶች ተመርጠው፣ ከአንዱ ቤተሰብ ግቢ አንዲት ክፍል ከተለቀቀች በኋላ ጉባኤዎችም ሆኑ የፕሮጀክት ሠራተኞች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የትኛውን ማሽን እንግዛላቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት መልስ ማግኘት የሚገባቸው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። እንጨቱ ደርቋል ወይ? ብረቱስ ይቆርጣል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ ማሽኑ የሚያደርገው ነገር ቢኖር መጥፎውን ዕቃ በፍጥነት ማውጣት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበን በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ኪሣራን የሚችልበት ጓዳ ስለሌለው ነው። ትልቅ ፋብሪካ አሥር የተሰነጠቁ በሮች ቢመለሱበት ይችለዋል። በብድር ጣውላ ገዝቶ ስድስት አግዳሚ ወንበር የሠራ ወጣት ግን ስድስቱም በሁለት ወር ውስጥ ተጣመው ቢመለሱበት ብድሩም ስሙም አብረው ይጠፋሉ። በሰፈር ውስጥ ደግሞ የጠፋ ስም ቶሎ አይመለስም።

እንግዲህ ከእንጨቱ እንጀምር።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ለብዙ ጊዜ ውኃ ይዞ ይቆያል። ውኃው የሚገኘው በሁለት ስፍራ ነው፤ አንደኛው በእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ያለው ሲሆን ሁለተኛው በራሱ በእንጨቱ አካል ውስጥ ሠርጎ የተያዘው ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ በአብዛኛው ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። ርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት 30 በመቶ ያህል ወደ መሆን ሲደርስ ግን ሁለተኛው ውኃ መውጣት ይጀምራል፤ እንጨቱም ያን ጊዜ ይኮማተራል። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ በኩል ይኮማተራል ለማለት አያስደፍርም። ከግንዱ መካከል ወደ ልጡ በሚሄደው አቅጣጫ ጥቂት ይቀንሳል፤ የዕድሜ ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ የዚያን እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ጣውላ እንደ ቆርቆሮ ቦይ የሚጎብጠው፣ አራት ማዕዘን የነበረው የወንበር እግር የሚንጋደደው በዚህ ምክንያት ነው። የአናጢው እጅ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ሳይደርቅ መሥራቱ ነው።

በሀገራችን ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በባሕር ዛፍ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ የማገዶ ችግር በያዛት ጊዜ ገብቶ ከተስፋፋ ወዲህ ለአጣናም ለማገርም ለማገዶም የማንተወው ባለውለታችን ሆኗል። ለጠረጴዛና ለወንበር ሲሆን ግን አስቸጋሪ ጠባይ አለው። በቁሙ ሳለ በግንዱ ውስጥ ያጠራቀመው ውጥረት ሲሰነጠቅ ይለቀቅና ጫፉን ይተረትረዋል። ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥሬ ጣውላ ሲደርቅ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዛፍን አትንኩ ማለታችን አይደለም፤ ቀስ ብሎ በጥላ ከደረቀ ለወንበር እግርና ለክፈፍ የሚሆን ጠንካራ እንጨት ነው። ለጀማሪ እጅ የሚቀለው ግን የፈረንጅ ጥድ ነው። ግራቪሊያም መልኩ ያማረ፣ በየቡናው ማሳ ዳር የሚገኝ እንጨት ነው።

ዋንዛን የማያውቅ አናጢ የለም፤ ሲደርቅ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ለመላጊያም ይታዘዛል። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድ እየተመናመኑ በመሄዳቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ቢሻሻልም ገዢው እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቁና የማጓጓዣ ወረቀቱን ማየቱ የሚተው ነገር አይደለም። በርዳታ ገንዘብ የተገዛ ጣውላ በኬላ ላይ ሲያዝ የሚያፍረው አናጢው ብቻ አይሆንም።

ማድረቂያ ምድጃ አያስፈልግም። ከግቢው ውስጥ ነፋስ የሚያልፍበት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የማያገኘው ስፍራ ይመረጣል። ምስጥና የመሬት ርጥበት እንዳይደርስ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ ወይም የብሎኬት መደብ ይሠራል። ጣውላው በላዩ ይደረደርና በየድርድሩ መካከል 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ በትሮች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባሉ። እዚህ ላይ ልብ ይባል፤ የላይኛው በትር ከታችኛው በትር ትክክል በላይ መዋል አለበት። አለዚያ የላዩ ክብደት ጣውላውን በመካከል እየተጫነ ያጎብጠዋል። ጫፉ ከሌላው አካል ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ የተረፈ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀባል። ከላይ ቆርቆሮ ይደረግለታል፣ በቆርቆሮውም ላይ ከባድ ድንጋይ ይጫናል።

ስንት ጊዜ ይቆይ? በብዙ ሀገር አናጢዎች ዘንድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚል ልማድ አለ። በበጋ፣ በደረቅ ነፋስ፣ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊደርቅ ይችላል፤ ክረምት ከገባበት ደግሞ ይዘገያል። ከግምት ሚዛን ይሻላል። ከድርድሩ ውስጥ አንድ ናሙና ጣውላ መርጦ በየሳምንቱ መመዘንና ክብደቱን በዚያው ጣውላ ላይ በእርሳስ መጻፍ ነው። ለሦስትና ለአራት ሳምንት ክብደቱ ካልቀነሰ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ይበልጥ ማረጋገጥ የሚፈልግ ከጫፉ ሳይሆን ከመካከሉ አንድ ቁራጭ ቆርጦ ይመዝን። ቁራጩን ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት በምድጃ ውስጥ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ያድርቀው። ቁራጩ መጀመሪያ 500 ግራም ኖሮ ሲደርቅ 400 ግራም ቢሆን፣ የጠፋው 100 ግራም ለ400 ሲካፈል 25 በመቶ ይሆናል። ይህ እንጨት ለአጥር እንጂ ለቁም ሣጥን ገና አልደረሰም። ለቤት ዕቃ ከ10 እስከ 14 በመቶ ያለው ይስማማል።

ስለዚህ በአንድ ዓመት የፕሮጀክት ዕቅድ ውስጥ ከበጀቱ አስቀድሞ መውጣት ያለበት የጣውላው ዋጋ ነው። ማሽን በማንኛውም ወር ሊገዛ ይችላል፤ ያለፈውን በጋ ግን መልሶ የሚገዛ የለም።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። አንድ የቤት አናጢ ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ በአንድ ሣጥን የሚገባ ነው፤ ለቁመትና ለወርድ የሚሆኑ ሁለት መጋዞች፣ አንድ የብረት መላጊያ፣ 6፣ 12 እና 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት መሮዎች፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ፣ አንድ ደህና ሞርሳ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃ መሳያ ድንጋይ ነው። ያለ እርሱ የቀሩት ሁሉ ከአንድ ሳምንት በኋላ የብረት ቁርጥራጭ ናቸው።

የመሮና የመላጊያ አሳሳል አንድ ነው። መጀመሪያ የብረቱ ጀርባ ከጫፉ አካባቢ እንደ መስተዋት ጠፍጣፋ እስኪሆን በድንጋዩ ላይ ይታሻል፤ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሥራ ነው። ከዚያ ሰያፉ ወገን በ25 ዲግሪ ያህል ይወጣና በመጨረሻ ጫፉ ብቻ በ30 ዲግሪ ይሳላል። ሲሳል በጀርባው በኩል በጣት የሚዳሰስ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ይወጣል። ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ሲወጣ ይህኛው ወገን በቃው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይገለበጥና በጀርባው ጠፍጥፎ ሁለት ሦስት ጊዜ በመግፋት ጠርዙ ይነሣል። መሳሉን በአውራ ጣት መፈተን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ይልቁንስ የለስላሳ እንጨት ጫፍ ላይ ሞክሩት። የተሳለ መሮ የእንጨቱን ክር ሳያደቅቅ አብለጭልጮ ይቆርጠዋል። ድንጋይ ከጠፋ ደግሞ ወፍራም መስተዋት ላይ የተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው እስከ ለስላሳው በተራ፣ ሥራውን ይሠራል።

በኤሌክትሪክ የሚዞር ሞረድ ድንጋይ ላይ የሚስል ሰው ብረቱን በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ይንከረው። የተራ መሮ ጫፍ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ተቃጥሏል፤ እስከ ሰማያዊው ድረስ ተሞርዶ ካልወጣ ስለቱን አይዝም።

የደነዘዘ ብረት ያደክማል ብቻ ሳይሆን ያቆስላል። የደነዘዘውን መሮ አናጢው በሙሉ ክብደቱ ስለሚገፋው በሳተ ጊዜ የሚያርፈው ሥራውን በያዘው እጅ ላይ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ሥራው በሞርሳ ይታሰር፣ ሁለቱም እጆች ከስለቱ በስተኋላ ይሁኑ።

በውጭ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ያገለገለ መሣሪያ እየሰበሰባችሁ ስለምትልኩ ጥቂት እንበል። ዝገት አያስፈራም፤ በብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይነሣል። የሚያስፈራው የተሰነጠቀ የመላጊያ አካልና በሞረድ አልቆ ያጠረ ብረት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ከመላካችሁ በፊት ግን በጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአውሮፓና የእስራኤል ዕቃም ከዚህ ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የሚመጣው አብዛኛው የእጅ ማሽን ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ካርቦን ብሩሽ ያለው የእጅ መሰርሰሪያ በትራንስፎርመር ሊሠራ ሲችል፣ ብሩሽ የሌለው የትልቅ መጋዝ ሞተር ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፣ ይግላልም። ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚመጣውም 60 ኸርዝ ስለሆነ ይኸው ይመለከተዋል። በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ለመላክ የሚማርክ ነው፤ ባትሪው ያረጀ ዕለት ግን በገጠር ከተማ ተመሳሳዩን ማግኘት ጭንቅ ነው። በእኛ አስተያየት በዚያው ክብደት ሁለት ደህና መላጊያና አምስት መሮ ቢመጣ ለሃያ ዓመት ያገለግላል።

እንጨቱ ደርቆ፣ እጅ ሠልጥኖ፣ ገበያም መጥቶ ማሽን የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜም ቅድሚያ የሚሰጠው የእጅ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ፣ ማለትም ትራፓኖ ነው፤ ዋጋውም ጉዳቱም ትንሽ ነው። ጣውላ ማስላግና ማስተካከል በከተማው ውስጥ ባለ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት በክፍያ ሊሠራ ስለሚችል ለጊዜው የራስ ማሽን አያሻም። መጋዝም መላጊያም መሰርሰሪያም በአንድ ላይ የያዘው ትልቅ ጥምር ማሽን ግን ለቤት ሥራ ሲገዛ ደስ አይለንም። ብዙዎቹ 380 ቮልት የሦስት መስመር ኃይል ይጠይቃሉ። አንድ ክፍል ሲበላሽም ሁሉም ይቆማል፤ አንዱ በመጋዙ ላይ ሳለ ሌላው በመላጊያው ላይ መሥራት አይችልም። የማሽኑ ባለቤት «ማኅበሩ» ከሆነና የሚያጸዳው ሰው በስም ካልታወቀ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

የጠረጴዛ መጋዝ ከተገዛ ስለ እርሱ ረዘም አድርገን መናገር ግድ ነው። በአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ግምት በዚያ ሀገር ብቻ በዓመት 30,000 ያህል ሰዎች በዚህ መጋዝ ስለት ተነክተው ይታከማሉ፤ ያውም መከላከያውም ሐኪሙም ቅርብ በሆነበት ሀገር ነው። አደጋው የሚደርሰው በብዛት እንጨቱ ወደ ኋላ ሲወረወር ነው። የመጋዙ የፊት ጥርሶች ወደ ታች፣ የኋላዎቹ ግን ወደ ላይ ይወጣሉ። ውጥረት ያለበት እንጨት፣ በተለይ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ፣ ሲሰነጠቅ ከመጋዙ በስተኋላ ይገጥምና ጥርሶቹን ይቆነጥጣል፤ የኋላ ጥርሶችም አንሥተው ወደ ሠሪው ይወረውሩታል፣ እጁንም ወደ ስለቱ ይስቡታል። ይህን የሚከለክል ከመጋዙ በስተኋላ እንደ ቢላ የቆመ ብረት አለ፤ ሥራው የተሰነጠቀውን እንጨት እንዳይገጥም ለያይቶ መያዝ ነው። አብዛኛው ሰው «ያስቸግራል» ብሎ ፈትቶ ይጥለዋል። ያለ እርሱ መጋዙ እንዳይነሣ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ በጉብኝቱ ጊዜ በዓይኑ ይመልከት። ጠባብ እንጨት በእጅ ሳይሆን በመግፊያ በትር ይገፋል። ጓንት፣ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ጋቢና ነጠላ በሚዞር ስለት አጠገብ አይለበሱም፤ ስለቱ ጨርቁን ሲይዝ እጅ ይከተላል።

የቤት ውስጥ ሥራ ቤት ደግሞ ሕፃናት የሚሮጡበት ግቢ ነው። ሥራ ሲቆም ሶኬቱ ይነቀል፣ በሩም ይቆለፍ። ሰጋቱራ ከእሳት ምድጃና ከከሰል ይራቅ። በተልባ ዘይት የራሰ የማሻሻ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው ከራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ይቀመጥ። ደቃቁን የእንጨት ብናኝ በተመለከተም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መካከል መድቦታል። የእጅ መላጊያ ፍቅፋቂ እንጂ ብናኝ አያወጣም፤ በእጅ መሥራት ይህም ጥቅም አለው። በብርጭቆ ወረቀትና በማሽን የሚሠራ ግን አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ከቻለም ደጅ ወጥቶ ይሥራ።

ለመጀመሪያ ሥራ ምን ይመረጥ? አግዳሚ ወንበር መልካም ነው፤ ነገር ግን በየመንደሩ ሠሪ አለው። እኛ የምንመርጠው የንብ ቀፎ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሀገር ናት፤ አብዛኛው ማር ግን የሚገኘው ከባህላዊው ድቡልቡል ቀፎ ነው። «የሽግግር ቀፎ» ወይም «የኬንያ ቀፎ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬንያ በካናዳ ርዳታ የተስፋፋው ዓይነት፣ ከጣውላና ከምስማር የሚሠራ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ገንዳ ነው። በላዩ ላይ አግዳሚ እንጨቶች ጎን ለጎን ተገጥመው ይደረደራሉ፤ ንቦቹም በእያንዳንዱ እንጨት ሥር አንድ የማር እንጀራ ያንጠለጥላሉ። ጎኖቹ ያዘነበሉት እንጀራው ከግድግዳው ጋር እንዳይጣበቅ ነው። ንብ አርቢው አንዱን እንጨት አንሥቶ ሌላውን ሳይሰብር ማየት ይችላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የማይጣስ ልክ አንድ ብቻ ነው፤ የአግዳሚው እንጨት ስፋት 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህ የሰው ምርጫ አይደለም፤ የአፍሪካ ንብ ከአንዱ እንጀራ መካከል እስከ ሌላው መካከል የምትተወው ርቀት ነው። 35 ቢሆን ለአውሮፓ ንብ ይስማማል፤ ለእኛዋ ግን በአሥረኛው እንጨት ላይ ልዩነቱ 30 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ንቦቹም በራሳቸው ልክ እየሠሩ ሁለት እንጨት በአንድ እንጀራ ያጣብቁታል። ያን ጊዜ የሽግግር ቀፎው ከባህላዊው በምንም አይሻልም።

ያልደረቀ እንጨት ደግሞ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ጥሬው እንጨት በ32 ተቆርጦ ሲደርቅ 31 ቢሆን፣ 28 አግዳሚ ባለበት ቀፎ ላይ በድምሩ 28 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈጠራል፤ ጉንዳንም ዝናብም ሌባ ንብም የሚገባበት በር ነው። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ከደረቀ እንጨት ጥቂት ሰፋ ተደርገው ይቆረጡና በመላጊያ እየተለኩ ወደ 32 ይወርዳሉ። በሜትር መለካት አያስተማምንም፤ ይልቁንስ ከጠንካራ እንጨት ትክክለኛ 32 ሚሊ ሜትር አፍ ያለው መለኪያ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይሠራና እያንዳንዱ አግዳሚ በዚያ ውስጥ ይለፍ። ሳይጨነቅ፣ ሳይወዛወዝም ማለፍ አለበት። በየአግዳሚው ሥር መካከሉን ተከትሎ ቀጭን ቦይ ይወጣና ንቦቹ ከዚያ እንዲጀምሩ የቀለጠ ሰም ይፈስበታል።

ገንዳው ሲገጠም ከላይ ያለው አፍ ስኳድራ መሆኑን ለማወቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካ፤ ሁለቱ ልክ እኩል ከሆኑ ትክክል ነው። የቀፎው ውስጥ ቀለምም ቨርኒሽም አይነካውም፤ ውጩ ግን ሊቀባ ይችላል። እግሮቹ ያገለገለ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፤ ጉንዳን አይሻገርም።

ዋጋ ሲወጣለት ጣውላው፣ ምስማሩ፣ ሰሙና የሥራው ቀናት ብቻ አይቆጠሩ፤ መሣሪያ ለመሳል የጠፋው ሰዓትና እንጨቱ ተደርድሮ የቆየበት ወራትም ይቆጠሩ። በአንድ መንደር ለብዙ ሰው የሚሠራ አናጢ የ32ቱን መለኪያ አንድ ብቻ ይዞ ሁሉንም በእርሱ ያውጣ። ከዚህ ቀፎ የወጣ አግዳሚ በጎረቤት ቀፎ ላይ ሲገጥም ንብ አርቢዎቹ እንጀራውን ከነንቦቹ ለደካማው ቀፎ ሊዋዋሱ ይችላሉ።